ከዝነኛው ጎን ያለው ወንበር

ላስ ቬጋስ ስደርስ ከሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ያነሱኝ የታክሲ ሹፌር አበሻ ነበሩ። እዚያ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ታክሲ የሚነዱ፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ፣ ካሲኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ጸጉራቸው ሸብቷልና ጋሼ አልኳቸው፤ እሳቸውም ልጄ አሉኝ። መንገድ ላይ ዝነኛ ሰው ጭነው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስንቱን!» አሉ። «ስም ግን አልነግርህም። ኋላ የተቀመጠ ሰው ካላናገረኝ አላናግረውም፤ በመስታወትም አላየውም። እዚህ ከተማ ከመኪናው ሌላ ማረፊያ የላቸውም።»

እኔም በዚሁ እስማማለሁ። ስለዚህ እዚህ ማስታወሻ ላይ በራሴ ዓይን ያየኋቸውን ሰዎች ስም አልጽፍም። በስም የማነሳቸው ታሪካቸው በአደባባይ የታወቀ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወይም በውድድር መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ሁሉ ቬጋስ እያለ የሚጠራው ስትሪፕ የሚባለውን ጎዳና ነው። ኔቫዳ ቁማርን በሕግ የፈቀደችው በ1931 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በጎዳናው ግራና ቀኝ የበቀሉት ሆቴሎች የዓለምን ዘፋኝ፣ ተዋናይና ቦክሰኛ እየጠሩ አምጥተዋል። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1969 ከዓመታት በኋላ ወደ መድረክ የተመለሰው እዚሁ ከተማ፣ ከስትሪፑ ወጣ ብሎ ባለው ኢንተርናሽናል ሆቴል ውስጥ ነው። ፍራንክ ሲናትራ ከጓደኞቹ ጋር የሚዘፍንበት ሳንድስ ሆቴል በ1996 ፈርሶ፣ ዛሬ በቦታው ቬኒሺያን ቆሟል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ሰው ዋናው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ዝነኛ ሰው የሚያልፍበት ይመስለዋል። አያልፍም። ዋናው በር የእኛ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች የተለየ መግቢያ፣ የተለየ ሊፍት፣ የተለየ የመኪና ማቆሚያ አላቸው። ኤምጂኤም ግራንድ ከግዙፉ ሕንጻው ጎን ማንሽን የሚባል፣ ከውጭ ምንም የማይታይ የቪላዎች ግቢ አለው። ትልቅ ገንዘብ የሚያስይዙ ሰዎች የሚጫወቱባቸው ክፍሎችም ከሰፊው አዳራሽ በግድግዳ ተለይተዋል። ካሲኖው ዝነኛውን ከሰው ዓይን ሊሰውረው ይችላል፤ ከሕግ ግን አይሰውረውም። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ማንም ይሁን ማን መታወቂያውን ያሳያል፤ ካሲኖውም ለፌዴራሉ መንግሥት ሪፖርት ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ አጥር ውጭ የሆነ አንድ ጨዋታ ቢኖር ፖከር ነው። በሌሎቹ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የሚፋለመው ከቤቱ፣ ማለትም ከካሲኖው ጋር ስለሆነ ብቻውንም ቢሆን መጫወት ይችላል። በፖከር ግን ገንዘቡ የሚመጣው ከሌላው ተጫዋች ኪስ ነው፤ ቤቱ የሚወስደው ድርሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ ፖከር የሚወድ ሰው፣ ዝናው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ከሰው ጋር ወንበር ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ቤኒ ቢኒየን በ1970 በሆርስሹ ካሲኖው የጀመረው የዓለም ፖከር ውድድር ይህን በግልጽ ያሳያል። የዋናው ውድድር መግቢያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያው 10,000 ዶላር ነው። የከፈለ ይገባል፤ መቀመጫው በዕጣ ይመደባል፤ ጎንህ ማን እንደሚቀመጥ የምትመርጥበት መንገድ የለም። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ ገባና፣ 839 ሰው በተወዳደረበት መድረክ ስመ ጥሮቹን ሁሉ አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2005 ደግሞ የሆሊውድ ተዋናይዋ ጄኒፈር ቲሊ በሴቶች ውድድር አሸንፋ ለአሸናፊ የሚሰጠውን የእጅ አምባር አጠለቀች። ያልታወቀው ዝነኛ፣ ዝነኛዋም ተራ ተጫዋች የሚሆኑበት ቦታ ይህ ነው።

እኔ የተቀመጥኩት ግን ውድድር ላይ ሳይሆን የግዴታ መነሻ ውርርዶቹ 1 እና 3 ዶላር በሆኑበት ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ከግራዬ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው መጣና ተቀመጠ። በመልኩ አላወቅኩትም። በገንዘብ ፋንታ የሚጫወቱበትን ቺፕስ የሁለት መቶ ዶላር ሲጠይቅ ግን ድምፁን ለየሁት፤ በፊልም ስንት ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከሱ ቀጥሎ ከኦሃዮ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆነ ፈጽሞ አላወቁትም። ዞር ብሎ የቴሌቪዥኑን ጨዋታ ባየ ቁጥር ክንዱን ነካ እያደረጉ «ተራህ ነው፣ ሰው አታስጠብቅ» ይሉታል፤ እሱም «ይቅርታ እትዬ» እያለ ወደ ካርታው ይመለሳል።

የካርታ አዳዮቹን ሥራ ያን ሌሊት ነው በደንብ ያየሁት። በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። የምትነሳዋ አዳይ እጆቿን አንዴ ታጨበጭብና መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ ለጣሪያው ካሜራ ታሳያለች፤ ቺፕስ ይዤ አልሄድኩም ማለቷ ነው። ተዋናዩ በጥንድ ሰባት አንድ ዙር አሸነፈ። ቺፕሱን በሁለት ክንዱ ወደ ራሱ ሰብስቦ አንዱን ለአዳይዋ ወረወረላት። እሷም የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጋ አመሰገነችና ጉርሻዋን ደረት ኪሷ ከተተች። ፊቷ ላይ የተለየ ነገር አልነበረም። ለእኔም ለእሱም ለአስተማሪዋም የምትናገረው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ማን እንደሆነ እንደምታውቅ እርግጠኛ ነኝ።

እንዲህ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን። በመካከሉ ተዋናዩ ስለ አንድ እጅ፣ ማለትም ስለ አንድ ዙር ጠየቀኝ፤ ለምን ካርታዬን ጥዬ እንደወጣሁ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ነገርኩት። አሰብ አድርጎ «እኔ ብሆን አልወጣም ነበር፤ ለዚህ ነው የምሸነፈው» አለና ሳቀ። ከሱ ጋር የተነጋገርነው ይኸው ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከበቂ በላይ ነበር። እንደ አንድ ተጫዋች ጠይቆኝ፣ እንደ አንድ ተጫዋች መለስኩለት።

ከዚያ አንድ ወጣት ከሌላ ጠረጴዛ ስልኩን ደግኖ መጣ። አዳይዋ ሳትጮህ «ካርታ እየታደለ ስልክ አይነሳም» አለችው። ተዋናዩ ዙሩ እስኪያልቅ ጠብቆ ተነሣ፣ ልጁን ትከሻውን ይዞ ከጠረጴዛዎቹ ራቅ አደረገውና ፎቶ ተነሡ። ተመልሶ እንደተቀመጠ ሁለት ሴቶች መጡ። ከእነሱ ኋላ ለሰርግ ዋዜማ የመጣ ሙሉ ቡድን። ለሁሉም ተነሣ፤ ለሁሉም ፈገግ አለ። በአራተኛው ጊዜ አልተቀመጠም። ቺፕሱን በመደርደሪያው ከትቶ ወደ አስተማሪዋ ጎንበስ አለና «ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» ብሏቸው ሄደ። እሳቸው ግራ ተጋብተው «ማን ነው እሱ?» ሲሉ አዳይዋ «ደንበኛችን ነው» ብላ ካርታውን መበወዝ ቀጠለች።

ፎቶ የጠየቁት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ እሱም አልተቆጣቸውም። ግን ነገሩን በልቤ ሳመላልሰው ቆየሁ። ያ ሰው በግድግዳ የተከለለው ክፍል ክፍት ሆኖለት ሳለ እኛ ጋ የመጣው ገንዘብ ፈልጎ አይደለም። በ3 ዶላር ጨዋታ ምን ገንዘብ አለ! የመጣው ከማያውቁት ሰዎች ጋር ለመቀመጥ፣ ተራህ ነው ለመባል ነው። ያን ወንበር ደግሞ አራት ፎቶ ወሰደበት።

በነጋታው ሲዛርስ ፓላስ ስሄድ የማስበው ስለ ጆ ሉዊስ ነበር። ከ1937 እስከ 1949 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ፣ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስከብሮ፣ በ1938 ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር ዘርሮ አገሩን ያስፈነደቀ ቦክሰኛ ነው። በጦርነቱ ዘመን የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለወታደሮች የእርዳታ ድርጅት ሰጥቷል። ከዚያ የግብር ዕዳ ተከመረበት። በመጨረሻ ዘመኑ ሲዛርስ ፓላስ እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ቀጠረው። ሥራው አዳራሹ ውስጥ መገኘት፣ ከገቢ ወጪው ጋር መጨባበጥ፣ አብሮ መጫወት ነበር። በ1970ዎቹ ሲዛርስ የገባ ሰው ሁሉ ጆ ሉዊስን «በድንገት አገኘሁት» እያለ ይመለስ ነበር። ለእንግዳው ድንገት ነበር፤ ለጆ ሉዊስ ግን ደመወዙ። በ1977 በልቡ ሕመም ከታከመ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር መጣ። ኤፕሪል 11 ቀን 1981 እዚያው ሲዛርስ የላሪ ሆምስንና የትሬቨር በርቢክን ግጥሚያ ተመልክቶ በማግስቱ ሞተ። ፕሬዚዳንት ሬገን ደንቡን አንስተው በአርሊንግተን ወታደራዊ መቃብር እንዲያርፍ ፈቀዱ፤ ለቀብሩ ወጪ ከረዱት አንዱ ያ ድሮ የዘረረው ሽሜሊንግ ነበር።

አንዳንዶች ይህን ሥራ እንደ ውርደት ይጽፉታል። እኔ አዳራሹ ውስጥ ብዙ ቆሜ ሳስበው እንደዚያ አልታየኝም። ሰው ይወድ ነበር፤ ሰውም ይወደው ነበር። የሚያሳዝነኝ ዕዳው እንጂ መጨባበጡ አይደለም።

ከሲዛርስ ወጥቼ በታክሲ ወደ ኒዮን ሙዚየም ሄድኩ፤ የፈረሱ ሆቴሎች ምልክቶች በሜዳ ላይ ቆመው የሚታዩበት ቦታ ነው። የሙላን ሩዥ ምልክት እዚያ አለ። የሠራችው ቤቲ ዊሊስ ናት፤ በ1959 ያንን በዓለም የታወቀውን የከተማዋን «እንኳን ደህና መጡ» ሰሌዳም የሠራችው እሷ ናት። ሙላን ሩዥ በሜይ 1955 ሲከፈት ጥቁርና ነጭ እኩል የሚስተናገዱበት የከተማዋ የመጀመሪያ ትልቅ ሆቴልና ካሲኖ ነበር፤ ጆ ሉዊስም ትንሽ ድርሻ ኖሮት እንግዳ ይቀበልበት ነበር። ከዚያ በፊት ጥቁሩ ዘፋኝ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ስትሪፕ ላይ ሕዝብ እያስጨበጨበ አምሽቶ፣ የዘፈነበት ሆቴል አላሳድርም ስለሚለው በከተማዋ ምዕራብ በኩል ወዳሉት የጥቁሮች ማደሪያዎች ይሄድ ነበር። ሙላን ሩዥ ሲከፈት የስትሪፑ ዝነኞች ሥራቸውን ጨርሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ወደሚጀምረው ትርኢት ይጎርፉ ነበር። ያኔ እዚያ የገባ ተራ ሰው ምን ያህል ዝነኛ እንዳየ አስቡት! ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ተዘጋ። የስትሪፕ ካሲኖዎች ለጥቁሮች በራቸውን ለመክፈት የተስማሙት በ1960 ነው፤ ስምምነቱም የተደረሰው በተዘጋው ሙላን ሩዥ ውስጥ ነው። ምልክቱ ሥር ከሌላ ቦታ ሁሉ አብልጬ ቆየሁ።

የፍላሚንጎና የኮቫል መንገዶች የሚገናኙበትን መስቀለኛ ግን በመኪና ነው ያለፍኩት። ራፐሩ ቱፓክ ሻኩር ሴፕቴምበር 7 ቀን 1996 ኤምጂኤም ግራንድ የማይክ ታይሰንን ግጥሚያ አይቶ ሲመለስ በጥይት የተመታው እዚያ ነው፤ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሳል። እኔ መውረድ አልፈለግኩም።

ዝነኛ ሰው በክፍያ ማግኘትም ይቻላል። ፒት ሮዝ በአሜሪካ ቤዝቦል 4,256 ጊዜ በመምታት ሪከርድ ይዞ፣ በስፖርቱ ላይ በመወራረዱ በ1989 ከጨዋታው የታገደ ሰው ነው። ለዓመታት በስትሪፕ ሱቆች ተቀምጦ በክፍያ ይፈርም ነበር፤ በሴፕቴምበር 2024 እዚያው ላስ ቬጋስ አረፈ። ይህን የምነቅፈው ነገር የለም። ዋጋው ታውቆ፣ ሰዓቱ ታውቆ፣ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ የሚደረግ ነው፤ ከተቀማ ፎቶ ይሻላል።

ዝነኛ ሰው በአጋጣሚ ማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሂዱ። የዓለም ፖከር ውድድር ከ2022 ጀምሮ ስትሪፕ ላይ በፓሪስና በዛሬው ሆርስሹ ሆቴሎች ይካሄዳል (ይህ ሆርስሹ የቢኒየኑ አይደለም)፤ በ2024 ዋናው ውድድር ላይ 10,112 ተመዝጋቢ ነበር። ለመመልከት አይከፈልም። ከገመዱ ውጭ ቁሙ፤ ካርታ ሲታደል ዝም በሉ፤ ስልክ አታንሡ። በዋናው ውድድር በየሁለት ሰዓቱ የ20 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ ሁሉም፣ ዝነኛውም ጀማሪውም፣ በአንድ መተላለፊያ ወደ መጸዳጃና ወደ ቡና ይሮጣል። ማናገር ከፈለጋችሁ ያኔ ነው፤ ጥያቄያችሁም ስለ ጨዋታው ይሁን። እኔ በዚያ መተላለፊያ አንዲት በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ያየኋትን ተጫዋች እንዴት እየሆነላት እንደሆነ ጠየቅኳት። ቡናዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ አንድ የተሸነፈችበትን እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እያንዳንዱን ካርታ እየጠራች፣ በንዴት ማለት ይቻላል፣ አስረዳችኝ። ተጫዋቾች ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ በድምፅ ማጉያው ሲጠሩ የጠረጴዛዋን ቁጥር ነገረችኝ። ሄጄ ከገመዱ ውጭ ቆሜ አየኋት፤ ከእራት ዕረፍቱ በፊት በጥንድ ኪንግ ከጨዋታ ወጣች።