ትንሣኤን በየቅዳሴው የምናውጅ ሕዝብ

የተወደዳችሁ ወዳጆቼ፣ በጎጃም ገጠርና ከተማ፣ ከዚያም ርቃችሁ በሰው አገር ያላችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

የዘንድሮውን የበዓል መልእክቴን ስለ ቅዳሴ ያደረግሁት፣ 55 ቀን ጾመን፣ በቀዳም ሥዑር «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እየተባለ የታደለንን ቄጠማ በራሳችን አስረን፣ ሌሊቱን ቆመን ካስቀደስን በኋላ «አንተስ በቅዳሴው ምን አልህ?» ብንባል ብዙዎቻችን የምንመልሰው ስለምናጣ ነው። ቅዳሴን ካህናቱ የሚያደርሱት፣ እኛ ደግሞ ቆመን የምንሰማው አድርገን ለምደነዋል። መጽሐፈ ቅዳሴን ገልጦ ያየ ሰው ግን ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚለውና ሕዝቡ የሚለው ተለይቶ ተጽፎ ያገኛል፤ «ይ.ሕ.» የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ የእኛ ድርሻ ነው። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም አገልጋይ ካህናትና ዲያቆናት፣ እንደሚያስፈልጉ ሁሉም ያውቃል፤ ያለ ሕዝቡ ተሰጥዖም (ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰው ቃል) ቅዳሴው ጎደሎ መሆኑን ግን እንዘነጋለን።

ከተሰጥዖው ሁሉ ለዚህ በዓል የሚቀርበውን ላንሣ። ካህኑ ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ማታ ኅብስቱን አንሥቶ፣ ጽዋውንም አመስግኖ ለደቀ መዛሙርቱ እንደ ሰጠ ከተናገረ በኋላ ሕዝቡ «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ» ይላል። አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን፣ በዕርገትህና ዳግመኛ በመምጣትህም እናምናለን ማለት ነው። ይህን የሚናገረው ጳጳስ ወይም ቄስ ሳይሆን ማሳውን አርሶ፣ ገበያ ውሎ፣ ልጅ አዝሎ የመጣው ምእመን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን 14 ቅዳሴያት አሉ፤ በዓሉና ወቅቱ እየታየ አንዱ ይቀደሳል፤ የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ መመስከር ግን የፋሲካ ሌሊት ብቻ ሥራ አይደለም። በተራ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ግማሽ ሰው ሲይዝም ያው ምስክርነት ከእኛ ይጠበቃል።

ሌላው ሁልጊዜ ልቤን የሚነካኝ የሰላምታው ጊዜ ነው። ካህኑ እጁን ታጥቦ ሳይገባው የሚቀርብ እንዳይኖር ሕዝቡን ካስጠነቀቀ በኋላ፣ ፍሬ ቅዳሴው (ዋናው የቍርባን ጸሎት) ሳይጀመር፣ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ እጅ ተነሣሡ ብሎ ያዝዛል። ያን ጊዜ በሴቶች በኩል የቆሙ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያም ዞር ብለው ከኋላቸው ላለችው ወጣት ዝቅ ሲሉ አይቻለሁ። ወጣቷ ስልኳን እያየች ነበርና ደንግጣ አጸፋውን መለሰች። ትእዛዙ ከቍርባኑ በፊት መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተጣላ፣ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው ወደ መሠዊያው ከመቅረቡ በፊት እንዲታረቅ ነው። ጎጃም እንዲህ ሰላም በናፈቀችበት ዘመን ይህችን ሰላምታ አንገታችንን ነቅንቀን ብቻ ልናልፋት አይገባም።

ችግሩ ግእዙ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ መልእክታቱና ወንጌሉ በብዙ አጥቢያ በአማርኛም መነበባቸው ትልቅ ረድኤት ሆኗል። የሕዝቡ ተሰጥዖ ግን አብዛኛው አጭር ነው። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ አቤቱ ይቅር በለን፤ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲባል ደግሞ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን። ይህን ለመማር ቅኔ መቍጠር አያስፈልግም። ደግሞስ በቅኔ ጉባኤያቸው የታወቁት የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰዎች ሆነን አስተማሪ አጣን ማለት እንዴት ይቻለናል? ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃችን ይቆማል፤ ቁራሽ ሰጥተን እንሸኘዋለን። አንድ ቀን አረፍ አድርገን፣ ምሳ አብልተን፣ ለልጆቻችን አንድ ተሰጥዖ ከነትርጓሜው እንዲነግርልን ብንለምነው ደስ እያለው ያደርገዋል።

እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም የሌለባቸው የደስታ ቀናት ናቸው። በየቤቱ አባት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ልጆች «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» እያሉ፣ «አሰሮ ለሰይጣን» ሲል «አግዐዞ ለአዳም» እያሉ ይመልሳሉ። ልጅ በቤቱ እንዲህ መቀበል ከለመደ በቤተ ክርስቲያንም አፉ አይያዝም። ስለዚህ ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ተሰጥዖ በቤታችሁ እንድታጠኑ በፍቅር እለምናችኋለሁ፤ በ«ንዜኑ ሞተከ» ጀምሩ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ደግሞ ለአጥቢያችሁ እናቶችና አባቶች በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ብታድሉልን ብዙ ሰው ይጠቀማል።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።