እማዬን ቁርስ ሳበላ አትላንታን አወቅኋት

የመጀመሪያው እሑድ ጥፋት የእኔ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን አሜሪካ፣ አትላንታ ድረስ የመጣችው የልጄን ክርስትና ለማየት ነው፤ ጊዜውም በዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። ቅዳሜ ማታ ትንሽ ቀምሳ ተኛች፣ ሌሊት ተነስታ አስቀደሰች፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባለቤቴ ገና አልጠነከረችም፤ ስለዚህ "ዛሬ ምድጃ አይነካም፣ ውጭ ነው የምንበላው" አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ታክሲ የነዳሁበት ከተማ ነውና የት እንደምወስዳት የማውቅ መስሎኝ ነበር።

የቤቱን ስም አልጠራም። የአሜሪካን ደቡብ ምግብ የሚሠራ፣ ሰው የሚወደው ቤት ነው። እንቁላል፣ ቢስኪትና ጎመን አዘዝኩላት። ኮለርድ የሚሉት ጎመን ከእኛው ጎመን ጋር ዘመዳሞች ስለሆኑ ባዕድ አይሆንባትም ብዬ ነው። አስተናጋጇን "ሥጋ አለው?" ብዬ ጠየቅኋት፤ "የለውም" አለችኝ። እማዬ ወደደችው፣ አጋመሰችው። ከዚያ ሹካዋ ከሳህኑ ሥር ጣት የማታህል ነገር ይዛ ወጣች፤ ሮዝ፣ ቆዳ ያላት፣ ዳር ዳሯ በጭስ የጠቆረ። እማዬ አየቻት፣ ሹካውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

"አላወቅህም ልጄ" ነው ያለችኝ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። እስከ ማታ እህል አልቀመሰችም፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አስተናጋጇ ግን አልዋሸችም። ይህን ለመረዳት ጥቂት ቀናት ፈጀብኝ። በአሜሪካ ደቡብ ጎመን ውስጥ የሚገባ የአሳማ ቁርጥራጭ እንደ ሥጋ አይቆጠርም፤ እንደ ቅመም ነው የሚታየው። ሥሩ ሩቅ ነው። በባርነት ዘመን ለባሪያዎች የሚሰፈርላቸው ቀለብ በአብዛኛው የበቆሎ ዱቄትና በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነበር። ጌቶቹ ጥሩ ጥሩውን ወስደው የተረፈውን ቋንጃ፣ አንገት፣ መንጋጋ፣ ጥቁሮቹ እናቶች ድስት ሙሉ ጎመንና ባቄላ አጣፈጡበት። ከዚያ ወዲህ አሳማው ከድስቱ አልወጣም። ስለዚህ "ሥጋ አለው?" የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር ምንም አያድንም። መጠየቅ ያለበት ስቡ ነው፤ በምን ስብ ተሠራ፣ ውስጡ አሳማ ገብቷል ወይ፣ ምጣዱ ላይ ከዚህ በፊት ምን ተጠበሰ።

በቀጣዩ ሳምንት ታክሲ ውስጥ ትንሽ ደብተር አኖርኩ። ሰው ሳደርስ በአካባቢው ያለውን ቁርስ ቤት ገብቼ እጠይቃለሁ። እሑድ ቀን መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ሰውን ለመሸኘት ብቻ ነው የሚመልሱልህ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግን ቤቱ ጭር ይላል፣ ራሱ ምግብ አብሳዩ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ይወጣል። "እናቴ በእምነቷ ምክንያት አሳማ አትነካም" ስል አንድም ሰው ፊት አልነሳኝም። የደቡብ ሰው እናት ሲባል ልቡ ይራራል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው አሳማውን ትተው ጎመኑን በጭስ በተጠበሰ የተርኪ (ትልቁ የፈረንጅ ዶሮ) ሥጋ እንደሚሠሩ የነገሩኝ እነዚህ አብሳዮች ናቸው። ያን ከሰማሁ በኋላ ጥያቄዬ አጠረ፤ "ተርኪ ነው ወይስ አሳማ?"

ዋፍል ሃውስን መጀመሪያ የማነሳው ለእኔ የሌሊት ሺፍት ቤቴ ስለሆነ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኤርፖርት የመጨረሻውን ሰው አውርጄ የምገባው እዚያ ነበር። በፈረንጆች 1955 (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጆ ሮጀርስና ቶም ፎርክነር የተባሉ ሁለት ጎረቤታሞች እዚሁ አትላንታ ጥግ፣ አቮንዴል ኤስቴትስ ላይ ጀመሩት፤ የመጀመሪያዋ ቤት ዛሬ ሙዚየም ናት። ቀንና ሌሊት አይዘጋም። የአደጋ መከላከል ሹማምንት ከአውሎ ነፋስ በኋላ የጉዳቱን ክብደት ከሚለኩበት አንዱ ዋፍል ሃውስ መዘጋት አለመዘጋቱ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ባንኮኒው ፊት ከተቀመጣችሁ አብሳዩን ተመልከቱት። አስተናጋጇ ትዕዛዙን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እሱ ወረቀት አያይም። ባዶ ሳህን ያነሳና ትንንሾቹን የማርማላታና የቅቤ እሽጎች ጠርዙ ላይ ያስቀምጣል። የማርማላታ እሽግ ከሳህኑ ታች ከሆነ እንቁላሉ የተመታ ነው፤ ሌላው ትዕዛዝም እንዲሁ በእሽግ ዓይነትና ቦታ ይነበባል። ስምንት ዘጠኝ ሳህን ተደርድሮ አንዱም ሳይምታታ ሲወጣ ሳየው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ለእኛ ግን ማወቅ ያለብን ምጣዱን ነው። ሃሽ ብራውን የሚሉት የተከተፈ ድንችና ቤከን የሚሉት ስስ የአሳማ ሥጋ የሚጠበሱት አንድ ሰፊ ብረት ላይ ነው። እንቁላል በየራሱ ትንሽ መጥበሻ ይሠራል፤ ዋፍሉም፣ ማለትም ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ለስላሳ ቂጣ፣ የሚጋገርበት የራሱ ብረት አለው። ስለዚህ ለእማዬ ዋፍልና እንቁላል፣ ድንቹን ተውኩት።

ሁለተኛው እሑድ የወሰድኳት ፍላይንግ ቢስኪት ነው፤ በ1993 ካንድለር ፓርክ ሰፈር የተከፈተ፣ ዛሬ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው። የመረጥኩት ከአሳማ ሌላ ብዙ ነገር ስላላቸው ነው፤ ሥጋ የማይበላም ይጠግባል። ግሪትሱ በጎድጓዳ ሳህን ሲመጣ እማዬ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች፣ ቆም አለች፣ ደግማ ቀመሰች።

"ይሄማ ቅንጬ ነው! በቆሎውን ከክተውት ነው እንጂ ቅንጬ ነው።"

ልክ ናት። ግሪትስ የተከካ በቆሎ ነው፤ ይህን ምድር ከነጮች በፊት ይኖሩበት የነበሩት ሕዝቦች ምግብ ሲሆን ጆርጂያም በ2002 የክልሉ ይፋዊ የበሰለ ምግብ ብላ በሕግ አውጃዋለች። ሌላው ቤት ብዙ ጊዜ በውሃና በጨው ብቻ ነው የሚያበስሉት፤ ቅቤው ኋላ ላይ ይጨመራል። እዚህ ግን ክሬምና ነጭ ቼዳር ቺዝ ይገባበታል፤ ለበዓለ ሃምሳ ድንቅ ነው፣ ለጾም አይሆንም። ይህን ልዩነት ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ።

ስለ ቢስኪትም ልናገር፤ ስሙ ብስኩት ይመስላል እንጂ ብስኩት አይደለም። እርሾ የሌለው፣ ትኩስ፣ በእጅ ሲፈለጥ በንብርብር የሚከፈት ትንሽ ዳቦ ነው። የደቡብ ሴቶች የሚምሉበት ዱቄት ከለስላሳ የክረምት ስንዴ የተፈጨ ነው፤ ለዚህ ነው ሌላ ቦታ ሲጋገር እንደ ድንጋይ የሚሆነው። ሊጡ ውስጥ የሚታሸው ስብ ግን ቅቤም፣ የአትክልት ስብም፣ የአሳማ ስብም ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ አያቶች የሚመርጡት የመጨረሻውን ነው። ጠይቁ።

ከቢስኪቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ግሬቪ የሚሉት ወፍራም መረቅ ነው። ሬይኖልድስታውን ውስጥ ሆም ግሮውን የሚባል ቤት አለ፤ የተጠበሰ ዶሮ ቢስኪት ላይ አድርገው ነጭ ግሬቪ ያለብሱታል፣ ሰው ከሩቅ ይመጣለታል። ዶሮ ነው ብላችሁ ትዘናጋላችሁ፤ ግሬቪው ግን የሶሴጅ ነው፣ ሶሴጁም አሳማ። እኔ ያለ ግሬቪ አዘዝኩላት፣ ዶሮው ለብቻው አላሳፈረንም። ሚድታውን 14ኛው መንገድ ላይ ከ1956 ጀምሮ ያለው ሲልቨር ስኪሌት ደግሞ በካንትሪ ሃምና በሬድ አይ ግሬቪ የታወቀ ነው፤ ሃሙ በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን ነው፣ ሬድ አይ የሚሉት ደግሞ ሃሙ የተጠበሰበት ስብ ላይ ቡና አፍስሰው የሚሠሩት መረቅ ነው። እማዬን እዚያ አልወሰድኳትም። አሳማ የሚበላ ወዳጅ ካላችሁ ግን የጥንቱን የደቡብ ቁርስ የሚያገኘው እዚያ ነው፤ አዳራሹ ራሱ ከተከፈተበት ዘመን ብዙም አልራቀም።

ወረፋውን በተመለከተ የተማርኩት ነገር አለ። እኛ ከቅዳሴ የምንወጣበት ሰዓትና አገሬው ብረንች፣ ቁርስና ምሳን አንድ ላይ ሊበላ፣ የሚወጣበት ሰዓት አንድ ነው። ድሮ በጆርጂያ ሬስቶራንት እሑድ መጠጥ መሸጥ የሚጀምረው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። በ2018 የወጣው ሕግ ከተሞች በሕዝብ ድምፅ ወደ አምስት ሰዓት እንዲያወርዱት ፈቀደ፣ አትላንታም አወረደችው። ስለዚህ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ ሚሞዛ የሚሉት፣ በብርቱካን ጭማቂ የተቀላቀለ የወይን መጠጥ፣ የሚጠጣበት ሰዓት ነው። ሴንቴኒያል ፓርክ አጠገብ ያለው አትላንታ ብሬክፋስት ክለብ በር ላይ አዛውንት እናት ይዞ መቆም በፍጹም አይገባም፤ በኮክ የሚሠሩት ፍሬንች ቶስት ቢያስመኝም እኔ የሄድኩት ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ብዙም አልጠበቅንም። ለእሑድ የምመክረው በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ካስኬድ መንገድ አካባቢ ያሉትን የጥቁር ቤተሰቦች ቁርስ ቤቶች ነው። እነሱም ከቤተ ክርስቲያን ነው የሚመጡት፣ ባርኔጣና ሙሉ ልብስ ለብሰው። ነጭ የለበሰች እናቴን ሲያዩ ተነስተው ወንበር ለቀቁላት፤ አስተናጋጇ በየቃሉ "ማም" ትላታለች። እማዬ ትርጉሙን ስነግራት "እትዬ እንደ ማለት ነዋ" ብላ ደስ አላት። እንዲህ ባሉ ቤቶች ሳልመን ክሮኬት ከግሪትስ ጋር እዘዙ፤ ዓሣው ተፈርፍሮ፣ ከሽንኩርትና ከእንቁላል ጋር ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ ነው። አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ሙስሊም ጓደኛዬም ሥጋው ሐላል መሆኑን ባላወቀበት ቤት የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ በግሪትስም በየሜኑው አለ፤ የእኛ እናቶች ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አይነኩም፣ ስለዚህ አለፍነው።

አንድ ቀን ለምሳ ፓስካልስ ወሰድኳት፣ ቁርስ ባይሆንም። ሁለት ወንድማማቾች በ1947 በትንሽ ሳንድዊች ቤት የጀመሩት ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ጓዶቻቸው ይሰበሰቡበት ነበር፤ በሰልፍ ታስረው የተፈቱ ወጣቶችም በነጻ ይበሉበት ነበር። እማዬ "እስረኛ ያበላ ቤት" ስትል ከልቧ ነበር፤ ስንወጣ በሩን ተሳልማ ነው የወጣችው።

ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ደብተሬም አዲስ ገጽ ከፈተ። ቢስኪት ወጣ፣ ወተት ባይኖርበት አሬራ አለበት። ዋፍልም ወጣ። ቀረልን የምለው ዌስት ኤንድ ውስጥ አፍሪካዊ ዕብራውያን እስራኤላውያን የሚባለው ማኅበረሰብ የመሠረተው ሶል ቬጀቴሪያን ነው፤ የደቡብን ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ሳያስገቡ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። እዚያ ጎመኑን ያለ ምንም ጥያቄ በላች። ፍላይንግ ቢስኪት ደግሞ ከጥቁር ባቄላና ከበቆሎ ዱቄት የሚጠፈጠፍ ላቭ ኬክ የሚሉት አለ፤ ቺዙንና እርጎ መሳዩን ክሬም አስቀርታችሁ፣ መጥበሻውን ጠይቃችሁ እዘዙ። ቤት ለማብሰል ደግሞ ዲኬተር ያለው ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት አለ፤ ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚናገሩት ቋንቋ ተጽፏል፣ እማዬም "አማርኛ" የሚል ካርድ ያላት ልጅ ስታገኝ ጎመኑን ትታ ግማሽ ሰዓት አወራቻት። ከዚያ ግሪትስ ገዝታ በዘይትና በሽንኩርት ሠራችልን።

ከመሄዷ በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ ሰፈራችን ያለች ትንሽ ቁርስ ቤት ገባን። አፌን ልከፍት ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ። አስተናጋጇን ቀና ብላ አየቻትና "ግሪትስ። ኖ ፖርክ? ኖ ሚልክ? ኖ በተር?" አለቻት፣ በየቃሉ ጣት እያጠፈች። አስተናጋጇ ወደ ጓዳ ዞራ ተጣራች። አብሳዩ ራሱ ብቅ አለ፤ ሽማግሌ ነው፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

"ውሃና ጨው ብቻ፣ ማም" አለ።

ተረጎምኩላት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ ሳህኑ ሲመጣ አማተበች፣ ማንኪያውን አነሳች።