የአክስቴ ጓሮ ተረኞች

ጅማ ከተማ ውስጥ አውሬ ማየት ያማረው ሰው ቦዬ ኩሬ ወርዶ ጉማሬ ይጠብቃል። ከቀናው ጆሮና አፍንጫ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል ያያል። ሰቃ መንገድ ላይ ያለችው አክስቴ ግን ኩሬ ድረስ መድከም አያስፈልጋትም። አውሬው ራሱ ይመጣላታል፤ ያውም ተራውን ጠብቆ።

የሄድኩት ጥቅምት ላይ ነው። ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ ዘግይቶ የተዘራው በቆሎም ገና ማሳ ላይ ቆሟል። ለእንግዳ ደስ የሚል ወቅት ነው። ለባለቤቱ ግን እንቅልፍ የለም።

የማለዳው ተረኛ ጉሬዛ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ጀርባ ካለው ሾላ ላይ የሆነ ድምፅ ተነሳ። አልነሳ ያለ አሮጌ አይሱዙ መስሎኝ ነበር። ለካ ወንዱ ጉሬዛ ድንበሩን እያስታወቀ ነው። ቀና ብል አንዷ እናት ልጇን ታቅፋለች። ግልገሉ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው እያደገ ሲሄድ ነው። አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል። በአራት ጣት ብቻ ቅርንጫፍ እየቆለፉ ሲወረወሩ ግን ምንም የጎደላቸው አይመስልም። አክስቴ በጉሬዛ ቅሬታ የላትም። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ከበላ በኋላ ሲያንቀላፋ ይውላል። «እሱስ ጨዋ ጎረቤት ነው» ትላለች።

ጨዋነቱ የሚያበቃው ረፋዱ ላይ ዝንጀሮ ሲመጣ ነው። የሰፈሩ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጅራፍ ይጠብቃሉ። በዚህ ሰሞን ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ብዙ ነው፤ ለእኔ ከበቆሎው ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አክስቴ እንደምትለው ዝንጀሮ ሴትና ልጅ ከቁም ነገር አይቆጥርም። ስለዚህ የባሏን ካፖርትና ኮፍያ ለብሳ፣ ዱላ ይዛ ትወጣለች። አውራው ማሳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ አንድ በቆሎ ዘነጠለ። ሽፋኑን በጥርሱ ገፎ ቀመሰው። ሌላ ደገመና እሱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በቀሩት እግሮቹ እያነከሰ፣ ሳይቸኩል ወደ ጫካው ገባ።

«አንተ ልጅ፣ አትሳቅባት» አሉኝ ባለቤቷ ከበረንዳው። «ካፖርቱን ለይቶታል። እኔንም ንቆኛል።»

ማታ የእኔ ፍርሃት ጅብ ነበር። ሲያላዝን ሰምቼ ተነስቼ የበሩን መቀርቀሪያ አየሁ። ውሻው ትንፍሽ ሳይል አልጋ ሥር ገባ። ጅቡ ርቆ ሲሄድ ወጣና ግቢውን በጩኸት አናጋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለካ ተረት ብቻ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ግን ስለ ጅብ የሚጨነቅ የለም። ጥጆቹና በጎቹ ከገቡ አለቀ። እውነተኛው ጠላት የዱር አሳማ ነው። በመንጋ ሆኖ በጨለማ ይገባል። ለዓመታት የተጠበቀን እንሰት በአፍንጫው ቆፍሮ በአንድ ሌሊት ይገለብጠዋል። ጠዋት ሳየው ጓሮው የታረሰ ነው የሚመስለው። ጎረቤታቸው ሐጂ ቡና ሊጠጡ መጥተው አሳማው ለምን እንደበዛ ነገሩኝ። «ድኩላ ቢሆን ሰው ያድነዋል። ይሄ ለእኛም ለእናንተም አይበላ፤ ማን ይድከምለት? ነብሩም እንደ ድሮው የለም።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ጃርትም ድርሻውን ይወስዳል፤ ጎደሬው ሥር ጉድጓድና አንድ እሾህ ትቶ ሄዷል። ልጆቹ እሾኹን ይወረውራል ብለው ማሉልኝ። አይወረውርም። ኋላውን ሰጥቶ ወደ ጠላቱ ይገፋል፤ እሾኹ በቀላሉ ስለሚነቀል የነካው ሰውነት ላይ ይቀራል።

ጥርኝን በዓይኔ አላየሁትም። ቦታውን ግን አክስቴ አሳየችኝ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚጸዳዳው። ከቡናው ሥር ያለው ክምር ያልተፈጨ የቡና ፍሬ ሞልቶበታል፤ ቀዩን ፍሬ ይወዳል። ዳር ዳሩ ላይ ማንም ያልተከለው የቡና ችግኝ በቅሏል። «ወፍ ዘራሽ ይሉታል፣ ጥርኝ ዘራሽ ነው» አለች። ሊሙ አካባቢ ጥርኙን አጥምደው በጠባብ ጎጆ አስረው ዝባዱን፣ ማለትም ከጭራው ሥር የሚወጣውን ሽታው የከበደ ቅባት፣ የሚሰበስቡ ገበሬዎች አሉ። ዝባዱ በቀንድ ተሞልቶ ለሽቶ ሠሪዎች ውጭ አገር ይሄዳል። ዋጋው ደህና ነው ይባላል። ለእንስሳው ግን ያ ጎጆ የሚመች ኑሮ አይደለም፤ የአክስቴ ጓሮ ይሻለዋል።

ስመለስ ጊቤ በረሃ ላይ አውቶቡሱ ቀስ አለ። ዝንጀሮዎቹ አስፋልቱ ዳር ተሰልፈዋል። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ መስኮት ከፍቶ ሙዝ መወርወር ጀመረ፤ ተሳፋሪው ስልኩን አውጥቶ ይስቃል። አክስቴ አብራኝ ብትሆን ኖሮ ሰውዬውን ከነሙዙ ታስወርደው ነበር።