አዲስ ችሎት ይከፈታል ሲባል

አዲስ ፍርድ ቤት ወይም አዲስ የወንጀል ችሎት ሊጨመር ነው ሲባል አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል።

ጠበቃ ነኝ። እሳቸው የመከላከያ ምስክራችን ነበሩ፤ ለጎረቤታቸው ልጅ ሊመሰክሩ ከገጠር ነበር የሚመጡት። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኞቹ አልተሟሉም። በሁለተኛው መዝገብ ስለበዛ ሳይደርሰን መሸ። በሦስተኛው የድምፅ መቅጃው አልሠራም ተባለ። ሦስቱንም ቀን በፌስታል ቆሎ ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ለእኔም ያቃምሱኝ ነበር። በአራተኛው ቀሩ። ስደውልላቸው «ልጄ፣ አጨዳ ደርሶብኛል፤ የእናንተ ቀጠሮ እንደሆነ አያልቅም» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ተከሳሹ ያን ሁሉ ጊዜ ማረሚያ ቤት ነበር።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ ይሰማ ይላል። ፍርድ ቤት የሚጨመርበት መንገድም አለ። በአንቀጽ 78 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን በመላ አገሪቱ ወይም በከፊል ማቋቋም ይችላል። እስከዚያው የእነዚህ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በውክልና የክልል ፍርድ ቤቶች ነው፤ በራሳቸው መዝገብ ላይ የፌዴራሉን ይደርባሉ። ጫናው የታወቀ ስለሆነ አንቀጽ 79 ማካካሻ በጀት ይመደብ ይላል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 322 ወጥቶ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በደቡብ ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቋቋመ።

እንዲህ ያለ አዋጅ ሲወጣ ጠበቆች መጀመሪያ የምናየው የሥልጣን አንቀጹን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ የትኛውን ጉዳይ እንደሚያይ የሚለውን ነው። እኔ አሁን አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ዳኛ አብሮ ይሾማል? ሬጅስትራሩና ጸሐፊው ከነባሩ ፍርድ ቤት ተነጥቀው ነው የሚመጡት ወይስ አዲስ ይቀጠራሉ? የተጀመሩ መዝገቦች ይዛወራሉ? ከተዛወሩ፣ ግማሽ ምስክር የተሰማበት መዝገብ ከየት ይቀጥላል? ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ምስክር እንደገና ይጠራ ከተባለ፣ ስልኩን አንስቼ የምደውለው እኔ ነኝ።

እኚያ እናት በአምስተኛው ቀጠሮ መጡ። ቃላቸው ተሰምቶ እስኪያልቅ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።