ዓይኔን ትቼ ማሽኑን ያመንኩባቸው ሦስት ወራት

ይህን የምጽፈው ለማስተርስ ጥናቱ ዕፅዋትን በካንሰር ሴል ላይ ለመሞከር ለሚያስብ ተማሪ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመረጥኩት ሽፈራውን ነው። አርባ ምንጭና ኮንሶ አካባቢ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶቹ ዋናው ሩቲን ነው፤ ስኳር የተጣበቀበት ኩዌርሴቲን ማለት ነው። አብዛኛው ሩቲን በትንሹ አንጀት ሳይመጠጥ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ቆርጠው ኩዌርሴቲኑን ይለቁታል። ካንሰሩ ያለበት ቦታ ድረስ በራሱ ይሄዳል ብዬ በጣም ጓጓሁ። አክስቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለባት የሰማነው በዚያው ሰሞን ነበር።

ቅጠሉን በጥላ አደረቅኩ፣ ፈጨሁ፣ በኤታኖል ዘፈዘፍኩ፣ አጣራሁ። በማግኒዚየምና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስፈትሸው ቀላ። ፍላቮኖይድ አለ ማለት ነው። ኤችቲ-29 የሚባሉትን የትልቁ አንጀት ካንሰር ሴሎችም አሳደግኩ። በ1964 ከአንዲት የ44 ዓመት ሴት ዕጢ የተወሰዱ ናቸው። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነበር።

ያቃጠለኝ ኤምቲቲ ነው። ኤምቲቲ ስንት ሴል በሕይወት እንዳለ የሚለካበት ቢጫ ነገር ነው፤ በሕይወት ያለ ሴል ወደ ወይን ጠጅ ይቀይረዋል። ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር ብዙ ሴል ተርፏል ይባላል።

ከፍተኛውን መጠን በሰጠሁ በማግስቱ ፕሌቱን፣ ማለትም ሴሎቹ የሚያድጉበትን ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን፣ ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁ። ጤነኛ ኤችቲ-29 ተቃቅፎ እንደ ደሴት ነው የሚያድገው። የእኔዎቹ ግን ተሸብሽበው፣ ክብ ሆነው፣ ከፕሌቱ ተላቀው ይንሳፈፉ ነበር። ሞተዋል። ኤምቲቲ ጨምሬ ማሽኑ ላይ ሳነበው ደግሞ ምንም ካልተሰጣቸው ሴሎች በልጦ ከመቶ በመቶ በላይ ሴል ተርፏል አለኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ለአማካሪዬ ያየሁትን ስነግራቸው «ዓይን ይሳሳታል፣ የሚጻፈው ቁጥሩ ነው» አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ። ሚዲያውን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) ቀየርኩ፣ በራሴ ገንዘብ አዲስ ኤምቲቲ አስመጣሁ፣ ሦስት ወር ለፋሁ።

የማይረሳኝ ግን ሌላ ነው። ለአክስቴ ደውዬ «ሽፈራው እንዳትበዪ፣ ካንሰሩን ያሳድገዋል» አልኳት። ደንግጣ ቤት የነበረውን ቅጠል ሁሉ ጣለችው።

ያዳነችኝ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ናት። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ፕሌቱን አየችና «ሴል በሌለበትስ ሞክረሽዋል?» አለችኝ። አልሞከርኩም። ባዶ ዌል (የፕሌቱ አንድ ጉድጓድ) ውስጥ ሚዲያ፣ የሽፈራውን ጭማቂና ኤምቲቲ ብቻ አድርጌ ኢንኩቤተር ውስጥ አስቀመጥኩት። ተመልሼ ሳየው ወይን ጠጅ ሆኗል። አንድም ሴል የለበትም! ፍላቮኖይድ ኤሌክትሮን መስጠት ይወዳል፤ አንቲኦክሲዳንት እያልን የምናደንቀው ለዚሁ ነው። ለኤምቲቲውም ሰጠውና ያለ ሴል ወይን ጠጅ አደረገው።

ይህ በሳይንስ መጽሔቶች ከወጣ ቆይቷል። የእኔ ኪት መመሪያ ግን አንድ መስመር አልጻፈበትም። ጭራሽ ሳታጥቡ በላዩ ጨምሩ ይላል። አትስሙት። ዕፅዋት ከሆነ የያዛችሁት መጀመሪያ ሚዲያውን አውጡ፣ ፒቢኤስ በሚባለው የጨው ውሁድ ቀስ ብላችሁ እጠቡ። ሴል የሌለበት ረድፍ ሳታስገቡ ማሽኑ ጋ አትሂዱ። ይህ ረድፍ የሌለው ጥናት ሳገኝ አሁን ውጤቱን አላምነውም።

እኔ በመጨረሻ ኤስአርቢ ወደሚባል ሌላ የሴል መለኪያ ቀለም ዞርኩ። እሱ የሴሉን ፕሮቲን ነው የሚያቀልመው፤ የፍላቮኖይዱ ኤሌክትሮን አያታልለውም። በኤስአርቢ ዓይኔ ያየው ትክክል ሆነ። ያኔም ቢሆን ዘልዬ አልጨፈርኩም። ኩዌርሴቲን ሚዲያ ውስጥ ሲቆይ ራሱ ይበላሽና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ሴሉን የገደለው እሱ ሊሆን ይችላል። ካታሌዝ (ፐርኦክሳይዱን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ጨምራችሁ ሳታጣሩ «ገደለ» ብላችሁ አትጻፉ። ላቦራቶሪ ውስጥ የምናፈሰው 50 እና 100 ማይክሮሞላር የኩዌርሴቲን መጠን ደግሞ ሰው በልቶ ደሙ ውስጥ ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል።

አክስቴ ጋ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ታዲያ ልብላው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። እንደ ጎመን ከወደድሽው ሐኪምሽን ጠይቂና ብዪ፣ የኬሞ ቀጠሮሽን ግን አንድም ቀን እንዳታሳልፊ አልኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብሬያት ሄድኩ።