የኤድመንተን በረዶ ድሬ ላይ

እህቴ ካናዳ ካለችው ከኤድመንተን ከተማ ሦስት ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ታኅሣሥ ነው። እኛ በጋ ላይ ነን፣ እነሱ ክረምት፤ ያውም ዝናብ የሌለው ክረምት። አንዱን ያነሳችው ከድልድይ ላይ ሆና ነው። ከታች ሰሜን ሳስካችዋን የሚባለው ወንዛቸው ረግቶ ተኝቷል። ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ሁሉም በረዶ ለብሷል።

እማዬ መነጽሯን አደረገችና ስልኩን ተቀበለችኝ። አራቀችው፣ አቀረበችው።

«አንተ፣ ይሄ አመድ ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ግን እውነቷን ነው፤ አመድ ይመስላል። እማዬ የምታውቀው በረዶ ወይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፣ ወይ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን። አማርኛችንም አላገዛትም፤ በተለምዶ ሁሉንም የምንጠራው በረዶ ብለን ነው።

ይሄ ነገር ሐረር ላይ ደርሶብኛል። አንድ ቀን የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ጀጎል ውስጥ ስዞር ውዬ፣ አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ አገኘሁ። እኩለ ቀን ነው፤ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። አነሳሁት። ስልኬ ላይ የወጣው ግን ያረጀ የሲሚንቶ ግድግዳ ነበር። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግኩት። አጠገቤ ቱሪስት የሚያነሳ ሰውዬ ነበር። «አቦ ስልኩን ምን አደረግከው? ነጩን ንካውና ወደ ላይ ሳበው» አለኝ። ስክሪኑን ስነካው ትንሽ ፀሐይ ብቅ አለች። ወደ ላይ ሳብኳት። ግድግዳው ነጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ፊቱ ያለው ነገር ግድግዳ ይሁን በረዶ አያውቅም። የሚያውቀው የብርሃኑን መጠን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ መሃል ላይ፣ ግራጫው ጋ ሊያሳርፈው ይፈልጋል። ሁሉም ነገር ጥቁር ከሆነበት ያበራዋል፣ ሁሉም ነጭ ከሆነበት ያጨልመዋል። የጥምቀት ዕለት ያነሳኋቸው ነጠላዎች ሁሉ ያልታጠቡ የሚመስሉት ለካ በዚህ ነው።

ይህንን ለእህቴ በድምፅ ላኩላት። መልሷ ንዴት ነበር። «ጓንት አድርጌ እንዴት ነው የምነካው? ሳወልቀው ደግሞ ጣቴ ይደነዝዛል። ባትሪው 40 ፐርሰንት ይልና ድርግም ይላል።» ብርድ ባትሪውን ያደክመዋል። አይፎን በአምራቹ መመሪያ የሚስማማው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። እሷ ከዜሮ በታች ናት፤ እኛ ድሬ ግንቦት ላይ ከ35 በላይ ነን፣ ስልኬም ግሎ ስክሪኑን ያጨልምብኛል። ስልኩ የሚመቸው አገር ከሁለታችን መሃል የሆነ ቦታ ነው ማለት ነው። አሁን ከውጪ ስትገባ ስልኩን ፌስታል ውስጥ አስራ ትንሽ ታቆየዋለች። አለበለዚያ የቤቱ ሙቅ አየር የቀዘቀዘውን ስልክ ሲነካ ላብ ይሆንበታል።

ፎቶውን እንደገና በፋይል አስላክኳት፤ ቴሌግራም በፎቶ ሲላክ ይጨምቀዋል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ከፈትኩት። ብርሃኑን ጨመርኩ። ኮንትራስቱን ከፍ አደረግኩ። ቀለሙን በሚያሞቀውና በሚያቀዘቅዘው በኋይት ባላንስ ወደ ሰማያዊ ገፋሁት፤ ብርድ ሰማያዊ ነው ብዬ። ደስ አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ሳየው ዓይን ያጠፋል። ለካ ቀን ላይ በዚያ ሁሉ ብርሃን ስክሪኑ ደብዝዞብኝ ነው ያበዛሁት። የበረዶው እጥፋትና የእግር ዱካው ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆኗል። ቢሆንም ላኩላት።

«አቦ፣ ይሄ የት ነው?» አለችኝ።

ደወልኩላት። ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም አለች። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ደመና ነበር፣ እየመሸም ነበር። ግራጫ ነበር፣ ግን እንደ መጀመሪያው ፎቶ አይደለም። እንግዲህ በየት በኩል እንደሆነ እኔ በምን ላውቅ? ዕድሜዬን አንዴም በበረዶ ላይ ተራምጄ አላውቅም። የካሌንደር በረዶ ነው የሠራሁላት።

አብረን ከመጀመሪያው ጀመርን። እየላኩላት፣ እያየች። ብርሃኑን በጥቂቱ ከፍ አደረግኩ። ዱካው እንዲወጣ ሃይላይቱን፣ በጣም የነጣውን ክፍል፣ አወረድኩ። ሰማያዊውን አጠፋሁትና ዛፎቹ ሥር ያለውን ብቻ ተውኩት፤ የእውነት ጥላው ላይ ትንሽ አለ አለችኝ። «ቀንስ… ቀንስ… እሱ ጋ።» ወንዙ ዳር አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ቆሻሻ መስላኝ ጉድፍ በሚያጠፋው በሂሊንግ አጠፋኋት።

«ምን አደረግከው? ሰውዬው የታለ?»

ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ነው አለች። ስሙን አታውቀውም። መለስኩት።

በማግስቱ በተራዬ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ አሸዋውን አነሳሁላት፤ ፀሐይዋን ወደ ላይ ስቤ። የእሷ ወንዝ በረዶ ሆኖ፣ የእኔ ደርቆ፣ ሁለታችንም ውሃ የማይታይበት ወንዝ ተላላክን።

የእሷን ምስል ፎቶ ቤት አሳጥቤ ለእማዬ ሰጠኋት። ስለ ንጣቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጣቷን ነጥቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ ደግሞ በዚህ ብርድ ምን ቆርጦት ነው የወጣው? እስቲ ጠይቃት፣ ኮቱ ወፍራም ነው?»

ጠየቅኳት። እዚያ ሌሊት ነው፤ እስካሁን አላየችውም።