አንድ ቀጠሮ፣ አንድ በግ

ታናሽ ወንድሜ የታመመው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌሊት አይተኛም፤ ለእኛ ከማይታዩን ሰዎች ጋር ይጣላል፤ እናታችን ያቀረበችለትን እንጀራ መርዝ አለበት ብሎ ይገፋል። ቤታችን ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጸበል አመላለስነው። ይህን የሰማ ከተሜ «ገበሬ በሐኪም አያምንም» ይላል። እኛ ግን ሐኪሙን ጠልተን አልነበረም። ጸበሉ በእግር ይደረስበታል። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ደግሞ በመንደራችን የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ከደረስን በኋላ እንኳ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። እጁን በነጠላ አስረን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን ወረድን። ሁለት መኪኖች አይተውን አለፉ። የሦስተኛው ረዳት ለሦስታችን የአምስት ሰው ሒሳብ ተቀበለን። ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ መሽቷል፤ ያንኳኳነው አልጋ ቤት ሁሉ ወንድሜን ሲያይ «አልጋ ሞልቷል» አለ። ያደርነው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። በማግስቱ ሐኪሙ አየው፣ የአንድ ወር መድኃኒት ሰጠን፣ በወሩ ተመለሱ አለን።

በወሩ! የጤና መድን አባል ስለሆንን ካርዱም መድኃኒቱም አላስጨነቀንም፤ መድኑ ግን መሳፈሪያ አይከፍልም፣ አልጋ አይከፍልም። እኔ የጉዞውን ወጪ በብር መቁጠር ትቼ በበግ እቆጥር ነበር። አንድ ቀጠሮ፣ አንድ በግ። አራተኛው ቀጠሮ የዘር ወቅት ላይ ዋለና ቀረን። መድኃኒቱ አለቀ፤ ወንድሜም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ተመለሰ።

እንደገና ስንሄድ ሐኪሙ መዝገቡ ላይ «መድኃኒት አቋርጧል» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። ንድድ አለኝ። «ዶክተር፣ እሱ አላቋረጠም፤ የተቋረጠው በጉ ነው» አልኩና መንገዱን ከቤታችን ደጃፍ ጀምሬ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከየት እንደምንመጣ የጠየቀን አልነበረም፤ እኔም የሐኪም ጉዳይ አይደለም ብዬ አልተናገርኩም ነበር። የነገረ ሥራችን መለወጥ የጀመረው ከዚያ ነው። ኪኒኑን ቀስ በቀስ በወር አንዴ በሚወጋ መርፌ ሊለውጥልን፣ ሲረጋጋም ወደ ቅርባችን ጤና ጣቢያ ሊጽፍልን ተስማማ። ቀጠሮውንም ዓርብ እንዲያደርግልን ለመንኩት፤ ወደ መንደራችን መኪና የሚገባው ቅዳሜ፣ ገበያ ሲውል ብቻ ነውና። ሐሙስ በእግር ወርደን፣ ዓርብ ታክመን፣ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አድረን፣ ቅዳሜ እህል ሊጭን በሚመጣው ኢሱዙ እንመለሳለን።

የመኪናውን ነገር የፈታው ራሱ ወንድሜ ነው። ትንሽ ሲሻለው «መኪና ውስጥ ለምን ትጮህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከኋላዬ ሰው ሲቀመጥ እፈራለሁ» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። እኛ ስናስረው ከርመናል፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። በዚያ መስመር የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ሾፌር አሉ፤ ከዋዜማው ስደውልላቸው የኋላውን ወንበር በመስኮቱ በኩል ያስቀሩልን ጀመር። ሒሳቡም የሁለት ሰው ብቻ ሆነ። ነጠላውን እናቴ መልሳ ለበሰችው።

ከስምንት ወር በኋላ ደብዳቤያችንን ይዘን አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሱ ስለ አእምሮ ሕመም ሥልጠና የወሰደ ልጅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ ለሌለባቸው ጤና ተቋማት ያዘጋጀው መመሪያ ተቀምጧል። ያ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ መሆኑን ሲነግረኝ ዝም አልኩ። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት መሆኑ ነው። ቀድመን ያንን በር አንኳኩተን ቢሆን ስንት በግ ይተርፍ እንደነበር በልቤ ቆጠርኩ።

እዚያም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አይደለም። መርፌው የሚጠፋበት ወር አለ፤ ስለዚህ ሳልደውል ከቤት አልወጣም። ከጠፋም ደብረ ብርሃን ሄጄ የማመጣው እኔ ነኝ፤ እሱን አላንገላታውም።

ያልተፈታው ክረምቱ ነው። ነሐሴ ላይ ከእኛና ከጤና ጣቢያው መካከል ያለው ወንዝ ይሞላል፤ አምና መርፌው አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶበት እንቅልፍ ማጣት ጀምሮት ነበር። ጤና ኬላው በእኛ በኩል ነው፤ ነርሱ የነሐሴውን መርፌ እዚያ አስቀምጦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድትወጋው ኃላፊዎቹን ጠይቋል። መልስ አልመጣም። ሰኔ ሳይወጣ ሄጄ ላስታውሰው ይገባል።